አንድ ጉንጭ ብቻ

እናቴ ጋሽ ካሳሁንን ቤታችን ያመጣችው ማንንም ሳታማክር ነው። አርብ ከሰዓት በኋላ ከወንድሜ ከኤፍሬም የብየዳ ሱቅ ስመለስ በራችን ላይ ባጃጅ ቆሟል። ሹፌሩ ሻንጣ፣ እናቴ ፍራሽ ያወርዳሉ። ጋሽ ካሳሁን ገና ባጃጁ ውስጥ ነው። እግሮቹ ስላበጡ ጫማ አልገባ ብሎት ነጠላ ጫማ አድርጓል፤ ተረከዙ ከነጠላ ጫማውም ተርፎ ወጥቷል።

«የት ሊተኛ ነው?» አልኩ።

«ሶፋው ላይ ነዋ። ያንን ጫፍ ያዢ» አለች እናቴ።

ሶፋችን ላይ እንግዳ ሳይተኛ ያለፈ ወር ትዝ አይለኝም። ከአረቅጥ ለሕክምና የመጣ ዘመድ፣ ማደሪያ ያጣ ሰባኪ፣ ባሏ ያባረራት ሴት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያላወቅነው ሽማግሌ። እናቴ መሰለች ቡታጅራ ገበያ ቅቤ ትሸጣለች፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ በቀረው ጊዜ ሰው ትቀበላለች። ተመርቄ ሥራ አጥቼ ከወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ከተመለስኩ ወዲህ ደግሞ እኔ አንጣፊ፣ አጣጣፊና ውኃ አሙቂ ሆኛለሁ።

ጋሽ ካሳሁንን ግን ከሌሎቹ ጋር መደመር አይቻልም። የደሴ ሰው ነው። በወጣትነቱ የብረታ ብረት መምህር ሆኖ ተመድቦ መጣ፤ ጡረታ ሲወጣም አልሄደም። የከተማውን ግማሽ በር የሠሩት እሱ ያስተማራቸው ልጆች ናቸው። አባታችን ሲሞት ኤፍሬምን ይዞ ብየዳ ያስለመደው እሱ ነው፤ ዛሬ የምንበላው ከዚያ ነው። ሚስት አላገባም፣ ልጅ የለውም፣ ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። አሁን ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል።

ኤፍሬም አዲስ አበባ ወስዶት ደሙን በማሽን አጥበውለት ነበር። ቋሚ ተራ ግን አልነበረም። የሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት አንድ ቦታ ይለቀቃል፣ እስከዚያ ቤቱ ይቆይ ብለው መለሱት። ሐሙስ ከደረሰ፣ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ይታጠባል፤ በየሳምንቱ የሚታጠብ ሰው ደግሞ ይኖራል። ነገሩ በሙሉ ይኸው ነው፤ ሐሙስ መድረስ።

የዚያኑ ዕለት የማሽኑ ክፍል ነርስ ጋ ደወልኩ። የምትቸኩል ሴት ናት፤ ወደድኳት።

«በቀን ሁለት ብርጭቆ ውኃ» አለች። «ሻይም ሾርባም ውኃ ነው፤ አብራችሁ ቁጠሩት። ጨው የለም። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶ፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ተምር፣ አንዱም የለም። ውኃው መውጫ ስለሌለው ሳንባው ላይ ይጠራቀማል። እነዚህ ምግቦች ያላቸው ፖታሲየም ደግሞ ልብ ያቆማል። ገባሽ?»

«ገብቶኛል። ታዲያ ምን ይብላ?»

«እናንተ ጋ ቡላ አለ አይደል? ቡላ ይብላ። ነጭ ሩዝ። ጨው የሌለው ዳቦ። ሐሙስ ብቻ አድርሱልኝ።»

ለእናቴ አንድ በአንድ ነገርኳት። አንድ በአንድ ደግማ ነገረችኝ፤ አንድም አልሳተችም። ከዚያ ማድቤት ገብታ ቡላውን አገነፋችና፣ ጨው ሳትጨምር ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች።

«ቅቤ የለ፣ ጨው የለ። ይኼ እንኳን ለሰው፣ ግድግዳም አይለጥፍ» አለች። «ነውር አይደለም እንዴ? ሰው ምን ይለኛል?»

ይኼ ጥያቄ መጥፎ ምልክት እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እህት አበበች መጣች። የሰፈራችን የቤት ለቤት ጸሎት መሪ ናት፤ ሦስት እህቶች አስከትላለች። እኛ ዘንድ ታማሚ በባዶ እጅ አይጠየቅም፤ አራቱም ፌስታል ይዘዋል። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ እንደገና ሙዝ። የአበበች ከሁሉም ይብሳል፤ በትልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ የአቮካዶ ጁስ።

«የጾም እንዲሆንልህ ብዬ ወተት አላስገባሁበትም» አለችው። ሁዳዴ ገብቶ ነበር፤ እሷ ባትጾምም እሱ ኦርቶዶክስ እንደሆነ አልረሳችም። አሳቢ ሰው ናት፤ ችግሩም ይኸው ነው።

«እትዬ አበበች፣ አቮካዶ አይቻልም» አልኩ።

«ስኳር የለበትም እኮ።»

«ስኳሩ አይደለም። አቮካዶው ነው።»

«አቮካዶ ደግሞ ምን አደረገ? ጌታ የፈጠረው ነው።»

«እሬትንም እሱ ነው የፈጠረው።»

ጋሽ ካሳሁን ሳቀ። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። አበበች ብርጭቆው ላይ ጥቂት ቀድታ አፉ ጋ አቀረበችለት።

«አንድ ጉንጭ ብቻ። በሞቴ፣ ጋሽ ካሳሁን። አፈር ስሆን።»

በሞቴ ከተባለ በኋላ እምቢ ማለት የተናጋሪዋን ሞት መቀበል ነው። ማንም እንደዚህ ብሎ አያስብም፣ ግን ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው። «እሺ» ብሎ አንድ ጉንጭ ጠጣ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ሁለተኛዋ እህት ብርቱካን መላጥ ጀመረች።

«በቃ!» ብዬ ብርቱካኑን ከእጇ ተቀበልኳት።

«ይቺን ልጅ ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ያስተማሯት ውኃ ነው» አለች እናቴ፣ ለእንግዶቹ ስትነግር ይቅርታ እየጠየቀች ያለች ትመስላለች። «የውኃ ምህንድስና። መንግሥት ለሰው ውኃ አድርሺ ብሎ አስተማራት፤ እሷ እቤቷ መጥታ ትዘጋለች።»

ሁሉም ሳቁ። አበበች ግን ከምሯ ነው። እጄን ያዘችኝ።

«ዮርዳኖስ፣ የተጠማ ማጠጣት እኮ ትእዛዝ ነው። በመጨረሻው ቀን ጌታ ሲጠይቀን ምን እንበለው? ተጠምቶ አየነው፣ ዮርዳኖስ ግን ከለከለችን እንበለው?»

«በሉት። የኔን ስም ስጡት።»

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ቤቱ ሞላ። ኤፍሬም ያሰለጠናቸው፣ ጋሽ ካሳሁን ያስተማራቸው፣ እናቴ ያስተናገደቻቸው፣ ሁሉም መጡ። ወንበር ይዤ ሶፋው አጠገብ ተቀመጥኩ። ሙዙን እየሰበሰብኩ ማድቤት አስገባሁ። የቀረበለትን ሻይ አነሳሁበት። ባለጌ እንደሆንኩ ገባኝ፤ የሚያዩኝ ሰዎችም እንደገባቸው ፊታቸው ላይ ነበር። ግን አንድ ሰው ስንት በር ይጠብቃል? አንዱን ልሸኝ ብድግ ስል ሌላው ያቀምሰዋል። ማድቤት ደርሼ ስመለስ ጺሙ እርጥብ ነው። ማታ እግሩን ሳየው ጫን ያደረግሁበት አውራ ጣቴ የተወው ጉድጓድ አልሞላ አለ።

«ጋሼ፣ ለምንድነው እምቢ የማትለው?» አልኩት። «ነርሷ የነገረችህን ከኔ በላይ ታውቃለህ። ‹አልጠጣም› ለማለት ምን ያስፈልጋል?»

«አንቺ እምቢ ማለት ትችያለሽ። ቤትሽ ነው።»

«ይኼ መልስ አይደለም።»

«ነው እንጂ።» ትንሽ ተነፈሰ፤ ማውራት ይደክመዋል። «እናትሽ ፍራሽ ተሸክማ አመጣችኝ። እኔ ምን አለኝ? የምሰጣት ነገር የለኝም። ስትሰጠኝ መቀበል ነው ያለኝ። እሱንም ልከልክላት?»

«አዎ! እስከ ሐሙስ ከልክላት። ከሐሙስ በኋላ ከፈለግህ ጀሪካን ጠጣ።»

«እሺ» አለ። ለአበበችም እሺ ብሎ ነበር።

ሰኞ ቀትር ላይ እትዬ ዘይባ መጣች። ከኛ አጥር ጋር አጥር የምትጋራ ጎረቤታችን ናት፤ ረመዳን ነበርና ከንጋት ጀምሮ ራሷ ውኃ አልቀመሰችም፤ ከንፈሯ ደርቋል። ያ የበጋ ሙቀት ቆርቆሮ ጣሪያችንን ይጋግረዋል። እሷ ግን ለጋሽ ካሳሁን ተምር የተበጠበጠበት ቀዝቃዛ ጁስ በጆግ ይዛለች።

«አላህ ያሽርህ፣ ጋሽ ካሳሁን። በል እስኪ ቅመሳት።»

አፌን ከፈትኩ። ሳልናገር ጋሽ ካሳሁን ቀደመኝ፤ የሰለቸ ሰው ድምፅ ነበር።

«ዘይባ፣ ጾም ላይ ነኝ።»

እጇ አየር ላይ ቆመ። ጆጉን ወደ ደረቷ መለሰችና በሻርፗ ሸፈነችው፤ እራቁቷን የተያዘች ትመስላለች።

«ውይ! አፉ በለኝ። ጿሚ ልፈትን? ወላሂ አላወቅኩም። ታሟል፣ አይጾምም ብዬ እኮ ነው። አላህ ይቀበልህ። ማታ አመጣልሃለሁ።»

እየተቻኮለች ወጣች። አንድ በሞቴ የለ፣ አንድ ጉንጭ ብቻ የለ። ሦስት ቀን ተጨቃጭቄ ያላገኘሁትን በሦስት ቃል አገኘው።

ሁለታችንም ተያየን።

«ቄሱ ለበሽተኛ አይገባም ብለው ፈትተውኝ ነበር» አለ ጋሽ ካሳሁን።

«አሁን ራስህን መልሰህ አሰርክ» አልኩት።

በዚህ ከተማ ሐኪም ያዘዘውን ማንም አይሰማም፤ ጾም ግን ሁሉም ይሰማል። ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ጴንጤው፣ የሚጾም ሰው አፍ ላይ ማንም እጁን አያደርስም። ለእናቴ ነገርኳት፤ ጋሽ ካሳሁን እስከ ሐሙስ ስለት አለበት፣ እስኪመሽ ምንም አይቀምስም። «በሽተኛ ይጾማል እንዴ?» ብላ ትንሽ ተከራከረች፤ ከዚያ ከራሱ አፍ ስትሰማ ተቀበለች። ሙዙ ወደ ገበያ ተመለሰ። ጠያቂ ሲመጣ እናቴ ራሷ በር ላይ ሆና «ጾም ላይ ነው» ትላለች፤ ሰዎቹ ፌስታላቸውን ከኋላቸው ይደብቃሉ። ማታ ዘይባ የምታመጣውን ጆግ እኔ በር ላይ ተቀብዬ ለኤፍሬም እሰጠዋለሁ።

ቀን ቀን እናቴ ገበያ ስትሆን በሩን ዘግቼ ቡላውንና የለካሁትን ውኃ እሰጠዋለሁ።

«አንቺ ታስገድፊኛለሽ፣ እኔ እዋሻለሁ» ይለኛል፣ በማንኪያ እየዛቀ። «ሁለት ኃጢአት በአንድ ሰሐን።»

«ብላ፣ እማዬ ሳትመጣ።»

«ጨው የለውም።»

«ኃጢአት ጨው የለውም።»

ማክሰኞ ማታ እግሩ ከሰኞው አልባሰም። ትንፋሹም ረጋ ብሎ ነበር፤ ከኤፍሬም ጋር ስለ አንድ የተጣመመ በር ተከራከረ፣ እጁን እያወናጨፈ። እንደምናደርሰው እርግጠኛ ሆንኩ።

ረቡዕ ወልቂጤ የሥራ ፈተና ነበረኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት የውኃ መሐንዲስ ይፈልጋል፤ የተመዘገብነው አዳራሽ ሙሉ ነበር። ፈተናውን ልተወው አስቤ ነበር። ኤፍሬም «እኔ እሱ ጋ እውላለሁ፤ ሂጂ» አለኝ። «ማንም ምንም እንዳያቀምሰው» አልኩት። «ዮርዲ፣ እየጾመ እኮ ነው፤ ማን ያቀምሰዋል?» አለ። ልክ ነው። ሄድኩ።

በአረቅጥ በኩል የመጣሁበት ሚኒባስ ዳገቱ ላይ ስለተንፏቀቀ፣ ስደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። ከባጃጅ ወርጄ ወደ ግቢያችን ስገባ የመግሪብ አዛን ተሰማ። በራችን ላይ ጫማ ተደርድሯል። ብዙ ጫማ።

ሳሎናችን ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወለል ላይ፣ ወንበር ላይ፣ የሶፋው ክንድ ላይ ተቀምጧል። መሐል ላይ ገበታ ተዘርግቷል። የተቀቀለ ድንች፣ ቲማቲም ሰላጣ፣ የምስር ሳምቡሳ፣ የዘይባ የአጃ ሾርባ፣ ተምር በሰሐን፣ የአበበች የአቮካዶ ጁስ፣ እንደገና የአበበች የአቮካዶ ጁስ። በገበታው ራስ ላይ፣ ትራስ ተደግፎ፣ ጋሽ ካሳሁን። ፀጉሩን አበጥረውለታል። እናቴ የአባቴን ነጭ ሸሚዝ አልብሳዋለች።

«ዮርዲ ደረሽ! ነይ፣ ነይ» አለች እናቴ። ፊቷ ያበራል። «ብቻውን ይጾማል እንዴ ብለን ሁላችንም አብረነው ዋልን። ጾም ጸሎት አወጅን። ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ጠብታ አልቀመስንም። ዘይባም ከኛ ጋር ታፍጥር ብለን ጠራናት።»

«ጿሚ ያስፈጠረ ከአላህ አጅር፣ ምንዳ አለው» አለች ዘይባ፣ ተምር ወደ ጋሽ ካሳሁን እየገፋች።

«ኤፍሬም የታለ?»

«ሱቅ ሄደ። ሁሉም ጾመኛ ነው፣ ምን እጠብቃለሁ ብሎ።»

የጾመ ሰው ይፈታል። ሁለት ቀን ሙሉ ያላሰብኩት ይኼን ነበር። ሦስት ሃይማኖት በአንድ ቤት ጾሞ ሲፈታ፣ ፌስታሉ ሁሉ ተጠራቅሞ በአንድ ሰዓት እንደሚመጣ አላሰብኩም።

«ስንት ጠጣ?» አልኩ።

«አንድ ጉንጭ ብቻ» አለች አበበች ቶሎ ብላ። «አንቺ ያልሽውን እናውቃለን። እኔ የሰጠሁት አንድ ጉንጭ ብቻ ነው።»

«እኔም አንድ ጉንጭ» አለች አጠገቧ ያለችው።

«እኔ እንዲያውም ግማሽ» አለች ሌላዋ።

«አንዲት ተምር» አለች ዘይባ።

«አንዲት ድንች» አለች እናቴ፣ «ያውም ያለ ጨው።»

ዙሪያውን አየሁ። ሁሉም እውነታቸውን ነው። ሁሉም የኔን ትእዛዝ አክብረዋል። አንዳቸውም ከአንድ ጉንጭ አላሳለፉም፤ ስንት እንደሆኑ የቆጠረ ግን የለም። ወለሉ ላይ እግር ማሳረፊያ አልነበረም።

የዚያን ጊዜ አንዷ እህት ብርጭቆ አቀረበችለት፣ እሱም እጁን ዘረጋ። እላይዋ ላይ ተራምጄ ብርጭቆውን ከእጁ ነጠቅኩ። ጁሱ በአባቴ ሸሚዝ ላይ ፈሰሰ።

ያቀረበችለት ሴት እጇን ወደ አፏ ወሰደች።

«አንቺ ልጅ» አለች እናቴ። ድምፅዋን እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም። «ከእንግዳ እጅ? ከገበታ ላይ? እኔ ቤት?»

«ነገ ጠዋት ነው ማሽኑ! አንድ ሌሊት ነው የቀረው! ጋሼ፣ ንገራቸው። ንገራቸው እንጂ!»

ጋሽ ካሳሁን ሸሚዙን አየ፣ ከዚያ ሴትዮዋን አየ። እንባዋ መጥቶ ነበር።

«ይኼን ያህል ሰው አብሮ የተቀመጠ ያየሁት አባትሽ የሞተ ጊዜ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «እኔ ስሞት ሦስት ሰው ይመጣ ይሆን እያልኩ ነበር። ቁጭ በይ፣ ዮርዲ። ርቦሻል።»

ከዚያ ከዘይባ ፊት የነበረውን ብርጭቆ በገዛ እጁ አንስቶ፣ ላለቀሰችው ሴት ፈገግ ብሎላት ጠጣው። አንድ ጉንጭ አይደለም፤ እስከ ታች። እኔ ያጠፋሁትን ሊያቃና ነው የጠጣው። ቤቱ ተነፈሰ። አንዱ ቀለደ፣ ሌላው ሳቀ፣ ሳምቡሳው ዞረ። እናቴ ሸሚዙን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች አላየችኝም።

ማድቤት ሄጄ ቆምኩ። ምን ማድረግ እችል ነበር? ፖሊስ ልጥራ? ሰውየው በሙሉ አእምሮው ነው። ሰዎቹም ያደረጉት በፍቅር ነው። እኔ ብቻ ነበርኩ የተቆጣሁት፤ አንድ የተቆጣ ሰው ደግሞ በደስተኞች መሐል ምንም ክብደት የለውም።

ሐሙስ ሲነጋጋ ጋሽ ካሳሁን መተኛት አቅቶት ተቀምጦ አገኘሁት። ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ ውኃ የሚንዶቀዶቅ ይመስላል። የኤፍሬም ጓደኛ ናጃህ መኪናውን ይዞ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ኤፍሬም ከፊት፣ እኔና እናቴ ከኋላ፣ ጋሽ ካሳሁን በመካከላችን። ማጋደም አይቻልም፤ ከግራና ከቀኝ ደግፈን ይዘነዋል። እናቴ ጭኗ ላይ የውኃ ጠርሙስ አስቀምጣለች። ለመንገድ ብላ ነው፤ ያለ ውኃ መንገድ ወጥታ አታውቅም።

ነርሷ ጋ ደወልኩ። «ቶሎ አምጡት። ምንም አታጠጡት» ብላ ዘጋች።

ቡኢን እንዳለፍን ዓይኑን ገለጠ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፣ ጥጉ ላይ አረፋ አለ።

«ውኃ» አለ።

እናቴ ጠርሙሱን ከፈተች። እጇን ያዝኩ።

«አይቻልም፣ እማዬ።»

«ጠየቀኝ እኮ። በአፉ ጠየቀኝ።»

«ይገድለዋል።»

«አንድ ጉንጭ ብቻ፣ ዮርዲ። በሞቴ።»

«አይሆንም!»

ጠርሙሱን ነጥቄ ከእግሬ ሥር አደረግሁት። ጋሽ ካሳሁን እኔን አላየም፤ ጠርሙሱ የነበረበትን የእናቴን እጅ ነበር የሚያየው። «መሰለች» አለ፣ ደግሞ «ውኃ» አለ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ በምላሷ አርጥባ ከንፈሩን አበሰችለት። ናጃህ መኪናውን ያበርራል፣ ጥሩምባ እየነፋ፤ አህዮቹ ከመንገዱ አይወጡም። ጢያ ሳንደርስ ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ከበደኝ። ኤፍሬም ዞሮ አየና «ናጃህ፣ አቁም» አለ።

መንገድ ዳር ቆመን ሳለ ነርሷ ራሷ ደወለች።

«ተራው ደርሷል። ማሽኑ ባዶ ነው፤ የት ናችሁ?»

ነገርኳት። ትናንት የበላውንና የጠጣውን ዘርዝሬ፣ ያ ባይሆን ኖሮ ይደርስ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «እኔ ምን ላውቅ እህቴ» አለች። «የሚቀጥለውን ታካሚ ልጥራ።»

ቡታጅራ ቀበርነው። ሦስት ሰው ይመጣ ይሆን ያለው ሰው ቀብር ላይ መንገዱ ተዘጋ። የበር ሠሪዎቹ ሁሉ ሱቃቸውን ዘጉ። ዘይባና ጎረቤቶቿ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ቆመው ጠበቁ። እናቴ ድንኳኑን በራችን ላይ አስተከለች፤ ሐዘንተኛዋም አስተናጋጇም እሷ ሆነች።

እህቱ ሰብለ ከደሴ የደረሰችው ከቀብሩ በኋላ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ እሱን የምትመስል ሴት። ከመኪና ወርዳ ድንኳኑ ውስጥ እየጮኸች ገባች፤ ሴቶቹ ተቀብለው አለቀሱላት። ሲበርድላት እናቴ አጠገብ አስቀመጧት። እኔ የውኃ ጆግ ይዤ ቆሜ ነበር።

«ወንድሜን አስታመምሽልኝ» አለቻት ሰብለ፣ የእናቴን ጉልበት ይዛ። «እኔ ያላደረግሁትን አደረግሽልኝ። ምን ብዬ ልመርቅሽ? ሲሄድ ምን አለ? ቃል አልነገረሽም?»

እናቴ መዋሸት ትችል ነበር፤ ሰው ሁሉ በዚህ ጊዜ ይዋሻል። እናቴ ግን አትችልበትም።

«ውኃ አለ» አለች። «ውኃ እንዳለ ሄደ።»

አበበች አንገቷን ደፋች። ሰብለ አልገባትም።

«አልነበራችሁም ውኃ?»

«ነበር» አለች እናቴ፣ ማልቀስ ጀምራ። «እጄ ላይ ነበር።»

ዓይኖቹ አንድ በአንድ ወደ እኔ መጡ። ሰብለም ተከትላቸው አየችኝ።

«ሐኪም ከልክሎ ነው» አልኩ። «ኩላሊቱ ውኃውን ስለማያወጣው ሳንባው ላይ...» ብዬ ጀመርኩ። የተቀረው ዓረፍተ ነገር አፌ ውስጥ ተዘጋጅቷል። ረቡዕ ማታ ስንት ሰው እንደነበረ፣ ስንት ጉንጭ እንደሚሆን፣ የውኃ ሒሳብ ነው፤ ከማንም በላይ እችለዋለሁ። ዘይባ እጆቿን ጭኗ ላይ አጥፋ ታየኛለች። ለቅሶ ሳይጠሯት ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ ያመጣችው እሷ ናት። አበበች በሐዘን ከስታለች። እናቴ የአባቴን ሸሚዝ አብራ ቀብራለች።

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረስኩትም።

«ሐኪም!» አለች ሰብለ። የተናቀ ነገር ስም ነበር የጠራችው። «ሊሞት ላለ ሰው?»

«ልጅ ናት» አለች እናቴ፣ የሰብለን እጅ በሁለት እጇ ይዛ። «ክፋት የላትም። ትምህርቱ ነው። ስለ ክርስቶስ ብለሽ ይቅር በይልኝ።»

ሰብለ ተነሣች። እኔ ጋ መጥታ ፊቴን ያዘችና ሁለቱንም ጉንጬን ሳመችኝ፤ ፊቷ በእንባ ረጥቧል።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለችኝ። «እሱም ይቅር ብሎሻል።»

ሴቶቹ «ተባረኪ፣ ተባረኪ» አሉ። ሁሉም የምለውን ይጠብቃሉ። እናቴ ትጠብቃለች።

«እሺ» አልኩ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

እናቴ ጆጉን ከእጄ ተቀብላ ብርጭቆ ሞላችና ሰጠችኝ።

«ከጠዋት ጀምሮ ቆመሽ ነው የዋልሽው። ጠጪ። በሞቴ።»

አልጠማኝም ነበር። ጠጣሁት።